ክታቡን ከማቃጠላችሁ በፊት አንብቡት

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በጤና አምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ነፍሰ ጡር እናቶች ክታብ ማሰሩን ትተው ጤና ጣቢያ ይሂዱ ብለዋል። ጤና ጣቢያ ይሂዱ በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔም የምሠራው እዚያው ነው። ክታቡ ግን የድንቁርና ቅርስ ስለሆነ ተሰብስቦ ይቃጠል ማለታቸው በጣም አሳዘነኝ። ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም።

እኔ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቄ ጎንደር የምሠራ ወጣት ነኝ። በትምህርት ቤት ስለ ደም፣ ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ጥገኛ ትላትል ተማርኩ። ስለ ክታብ፣ በክታብ ላይ ስለሚሣለው ጠልሰም፣ ስለ ዛር ግን አንድም መምህር አላነሣብንም። ይህን ዓለም ማወቅ የጀመርኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እቴቴ እላታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አያለሁ። በኩር ልጇ ደህና ሆኖ ተወለደ፤ አደገ። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን አልቆዩላትም። ሆዷ ውስጥ እያሉ የሞቱ አሉ። ተወልዶ ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ በቀናት ውስጥ ያረፈም አለ። ሰፈሩ ሁሉ «ሾተላይ አለባት» አለ። ክታቡ የታሰረላት ያኔ ነው። ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ተረፈ። ጆሮውን በሱት፤ ወንድ ሆኖ ሳለ «አንቺ» እያሉ ጠሩት፤ ሾተላይ እንዳታውቀው። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። እቴቴ ልጇን ያተረፈላት ክታቡ ነው ብላ ታምናለች።

ቆዳው አርጅቶ ሲቀደድ ክታቡን ለማሳደስ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ነው ተዘርግቶ ያየሁት። ርዝመቱ ቁመቷን ያህላል። ብዙ ጊዜ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ጥበቃው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲሆን። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ቁራጩ ከቁራጭ ጋር በቆዳ ክር ተሰፍቶ ይረዝማል። ጽሑፉ ጥቁር ነው። የቅዱሳን ስምና የጸሎቱ መግቢያ በቀይ ነው። ከላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ቆሟል። መሐል ላይ ኮከብ የመሰለ ስምንት ክንፍ ያለው ጠልሰም አለ፤ ከውስጡ ፊት ያያል። ከታች ደግሞ ዓይኖች ናቸው። ወደ የትም ብትዞሩ ያዩዋችኋል።

ግእዝ አላነብም። ስለዚህ በሰፈራችን ዜማ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አገላብጠው አዩት።

«የማን ነው ልጄ?»

«የአክስቴ ነው፣ መሪጌታ።»

«እዚህ ጋ እዪ። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል። ከእሷ በፊት የሌላ ሴት ነበር።»

እውነትም በቀይ የተጻፈው የክርስትና ስሟ ሥር ብራናው ሳስቷል። «ዕቀባ ለአመትከ» ይላል፤ ባሪያህን ጠብቃት ማለት ነው። ከዚያ ስሟ ይከተላል። ከእቴቴ በፊት ይህንኑ ፍርሃት የፈራች፣ ይህንኑ ብራና አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት ነበረች።

መሪጌታ የሱስንዮስንና የውርዝልያን ታሪክ አነበቡልኝ። ሱስንዮስ ሚስት አገባ፤ ልጅ ወለደ። ውርዝልያ የምትባል መጣችና ሕፃኑን ገደለችው። እናቲቱ ጮኸች። ሱስንዮስ ፈረሱን ጫነ፤ ጦሩን ጨብጦ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ላይ አሮጊት ጠይቆ ውርዝልያን በአጋንንት ተከባ አገኛት። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጸለየ። ከዚያም ጎኗን በጦር ወጋት። ስትሞት ማለች፤ ስምህ ባለበት ቦታ አልደርስም፣ ስምህ የተጻፈበትን ሕፃን አልነካም አለች። ክታቡ የሚታሰረው በዚህ መሐላ ነው። መሪጌታ ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔ ማስታወሻ ይዤ እጽፋለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ይህ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ባዊት በሚባል ጥንታዊ ገዳም ግድግዳ ላይ ይኸው ቅዱስ በፈረስ ተቀምጦ ሴት ጋኔን ሲወጋ ተሥሏል። በግሪኮች ዘንድ ሲሲኒዮስ ይሉታል። አይሁድም ለአራስ ቤት ሊሊት የምትባለውን ሴት ጋኔን የሚያባርር ክታብ ይሠሩ ነበር። ልጅ የሞተባቸው እናቶች ባሉበት ሁሉ ገዳይዋ ስም ወጥቶላታል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። የደም ዓይነት ስንመረምር በስላይድ ላይ ሦስት ጠብታ ደም እናደርጋለን፤ በእያንዳንዱም ላይ መመርመሪያ ፈሳሽ እንጨምራለን። አንቲ ኤ ሰማያዊ ነው፤ አንቲ ቢ ቢጫ፤ አንቲ ዲ ቀለም የለውም። ከደሙ ጋር ቀላቅለን ስላይዱን ወዲያ ወዲህ እናደርገዋለን። ደሙ ተሰባስቦ ከተቋጠረ ፖዘቲቭ ነው፤ ልስልስ እንዳለ ከቀረ ኔጌቲቭ። የአርኤች ምርመራ የሚባለው የሦስተኛው ጠብታ ነው። እናት ኔጌቲቭ ሆና አባት ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይወለዳል። ሲወለድ ግን ትንሽ ደሙ ወደ እናቱ ይገባል። የእናቲቱ ሰውነት ባዕድ ነገር መጣብኝ ብሎ መከላከያ ያመርታል። ያ መከላከያ አይጠፋም። ቀጣዩ ፖዘቲቭ ጽንስ ሲመጣ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳቸዋል። ሕፃኑ ደም ያንሰዋል፤ ሰውነቱ ያብጣል፤ ከተወለደም ቢጫ ይሆናል።

የእቴቴን ደም መረመርኩት። ኔጌቲቭ ናት። በኩር ልጇ ፖዘቲቭ ነው። ያ ጆሮው የተበሳው፣ ከሞቱት በኋላ የተወለደው ግን እንደ እናቱ ኔጌቲቭ ነው። ውጤቱን ሳየው ከወንበሬ ተነሣሁ። አባቱ ሁለቱንም ዓይነት ማስተላለፍ የሚችል ነበረ ማለት ነው። ይህ ልጅ ኔጌቲቭ ስለሆነ የእናቱ መከላከያ የሚያጠቃው ነገር አላገኘበትም። የሞቱት ደማቸው አልተመረመረምና በእነሱ ላይ መማል አልችልም። የቀረው ሁሉ ግን ይገጥማል።

ጸሐፊው እንዲያስቡልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የሰፈር ሴቶች በኩሩ እንደሚድን አይተዋል። ተከታዮቹ እንደሚሞቱ አይተዋል። ችግሩ እናትን ተከትሎ እንደሚሄድ፣ ሌላዋ ጎረቤት ላይ እንደማይታይ አይተዋል። አንዳንዴ አንዱ እንደሚያመልጥም አይተዋል። ሳይንስ እዚህ የደረሰው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ጽንሷ የሞተባትን የአንዲት እናት ደም መርምረው ከባሏ ደም ጋር እንደሚጣላ ጻፉ። በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር የአርኤችን ነገር ይፋ አደረጉ። የእናቲቱ ሰውነት መከላከያውን እንዳያመርት የሚያደርገው የአንቲ ዲ መርፌ አገልግሎት ላይ የዋለው በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ የሠለጠነው ዓለም እናትም የጎንደሯ እናትም እኩል ያለዚህ መርፌ ነበሩ።

በእርግጥ ድሮ ሾተላይ የተባለው ሁሉ የአርኤች ጉዳይ አልነበረም። ቂጥኝ አለ፤ ወባ አለ፤ እትብት በቆሸሸ ምላጭ ሲቆረጥ የሚመጣ መንጋጋ ቆልፍ አለ። ሁሉም በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቻችን ለአርኤች ችግር «ሾተላይ» ሲሉ እናቶች ወዲያው ይገባቸዋል።

ውጤቱን ለእቴቴ ስነግራት የሆነውን ግን ልጽፈው ይገባል። በቀላል አማርኛ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ የገደልኳቸው እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ክታቡ ገዳይዋ ውርዝልያ ናት ይላል። ከውጭ የመጣች፣ ስም ያላት፣ በጦር የምትወጋ ጠላት። እናቲቱ ከልጇ ጎን ናት፤ ሁለቱም ተጠቂ ናቸው። የእኛ ወረቀት ደግሞ የእናት ደም የልጅን ደም አጠፋ ይላል። እውነት ነው። ግን ይህን እውነት ለልጆቿ ስታለቅስ ለኖረች ሴት እንዴት እንደሚነገር ማንም አላስተማረኝም። እኔ የመለስኩላት፣ «እቴቴ፣ ሰውነትሽ ሊጠብቅሽ ብሎ ነው፤ ልጅሽ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ መድኃኒቱም ያኔ እዚህ አልደረሰም» ብዬ ነው። እጄን ይዛ አለቀሰች። ክታቡንም አልጣለችውም። አሳድሼ መልሼ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ዓለም እየተከታተልኩ ነው። ባየሁት ቁጥር ሌላ በር ይከፈታል። ለምሳሌ ዱካክን ውሰዱ። ሰው ሌሊት ይነቃል፤ ዓይኑ ያያል፤ እጅ እግሩ ግን አይታዘዝም። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖታል፤ በሩ ጋ ጥቁር ሰው ቆሟል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያጠፋቸዋል፤ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንወድቅ። አንዳንዴ ጡንቻው ሳይበራ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል። ሕልሙም ገና አላለቀም። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አሮጊቷ መጣችብኝ ይላሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ይበዛበታል። የሌሊት ተረኛ የሆኑ ነርስ ጓደኞቼ ደጋግሞ ይመጣባቸዋል። እንዲህ ብዬ ሳስረዳቸው ፍርሃቱ ይቀልላቸዋል። የሚያዩት ነገር ግን ያው ነው፤ አያቶቻችን ያዩት ነው። አልዋሹንም።

ዕፀ ፋሪስንም፣ አስተናግር የሚባለውን ተክል፣ ታውቁታላችሁ። በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻው ላይ ይበቅላል። አበባው ነጭና ረጅም፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። አትሮፒን በድንገተኛ ክፍላችን መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም፤ በተባይ ማጥፊያ ለተመረዘ ገበሬ የምንሰጠው እሱን ነው። ተክሉን ያለ መጠን የወሰደ ሰው ግን አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ የሌለ ሰው ያነጋግራል። ሊሞትም ይችላል። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለው አብሾም ከዚሁ ተክል እንደሚሠራ በሰፊው ይነገራል። አብሾ የጠጣ ሰው አረቄ ሲቀምስ ይነሣበታል የሚባለውን ያልሰማ የለም። እዚህ ላይ ነው መፍራት ያለብን። በደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የሚያድንና የሚገድል ጎን ለጎን ተጽፏል። ለይቶ የሚያውቅ ሰው እያረጀ ነው። መጽሐፉን ካቃጠልነው ተክሉ መንገድ ዳር ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቆመው አዩ። ከሴቶቹ በታች ያለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን ያስተላልፋል። ከዚያ የተነሣ እንዶድ ዓለም የሚያውቀው ምርምር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሴቶቹ እንዶድ አረፋ ያወጣል ቆሻሻም ያጠራል ብለው ያውቁ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ ሴቶቹን ንቀው አላለፉም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። የእኛን ክታብ ከእኛ ይልቅ የውጭ ሰዎች አንብበውታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን እዚህ ጎንደር ለወራት ተቀምጧል። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በቅጂ ተክቶ ወስዷቸዋል፤ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ሚሼል ሌሪስ የተባለው አባል መልካም አያሁ ከምትባል የዛር ባለቤት ቤት እየተመላለሰ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ያስተረጉሙለት ነበር። ዲቦራ ሊፍሺትዝ የተባለች ወጣት አይሁዳዊት ምሁርም አብራቸው ነበረች። የክታብ ጸሎቶችን ተርጉማ በ1940 አሳተመች። ከዚያ ናዚዎች ወስደው ኦሽዊትዝ ገደሏት። ስለ እሷ ሳነብ ልቤ ተነካ። በእድሜ ለእኔ ትቀርባለች፤ የአያቶቼን ጸሎት ከእኔ ቀድማ አንብባዋለች። እኛ ደግሞ እዚሁ ተቀምጠን ክታቡን ለቱሪስት በስጦታ ዕቃ ሱቅ እንሸጣለን። አሁን ደግሞ እናቃጥል እንባላለን።

አንዳንድ አንባቢ ይህች ልጅ ወደ ጠንቋይ ቤት ልትመልሰን ነው ይል ይሆናል። አይደለም። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ገና በ15ኛው መቶ ዘመን ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ታወግዛለች። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ በጭስ አፍነው የሚያሠቃዩትን፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ዶሮ አምጪ እያሉ የሚያቆዩትን አይቻለሁ። ዘግይታ የምትመጣ እናት ደም ቶሎ እንዲዘጋጅላት ሌሊት የምሮጠው እኔ ነኝ። በእነዚህ ሰዎች ላይ ምንም ርኅራኄ የለኝም። መሪጌታም የላቸውም። «ገንዘብ የሚጠይቅ ጸሎት አይደለም» ብለውኛል።

የዛርን ነገር ደግሞ ገና አልደረስኩበትም። አንዲት ሴት በከበሮና በእጣን መሐል ጉሪ ስትል፣ ድምጿ ተለውጦ ሌላ ሰው ስትሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስትጨርስ ፊቷ ላይ ያየሁትን ዕረፍት በየትኛውም መድኃኒት አላየሁትም። በላቦራቶሪ የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ግን እከታተለዋለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በእርግዝና ክትትል የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ አንገቷ ላይ ክታብ ያለባት እናት ስትመጣ ፍቺው አትበሏት። ለምን እንዳሰረችው ጠይቋት። «ልጅ ሞቶብኝ ነው» ካለች፣ ከየትኛውም ቅጽ የሚበልጥ መረጃ ሰጥታችኋለች። ደሟን ወዲያው መርምሩ። ኔጌቲቭ ከሆነች የባሏንም መርምሩ፤ መከላከያው በደሟ ውስጥ ተፈጥሮ እንደሆነም እዩ። ገና ካልተፈጠረ፣ የአንቲ ዲ መርፌ በ28ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ሲወርድም ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። አንዴ መከላከያው ከተፈጠረ መርፌው አይሠራም፤ ያኔ የቅርብ ክትትል ይጠይቃል። መርፌው የሚሠራው ከሰው ደም ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን ብቻቸውን ከ1,100 ጊዜ በላይ ለግሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አረፉ ሲባል በዓለም ዙሪያ የተዘገበላቸው ለዚህ ነው። በእኛ አገር መርፌው ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም። ባል በሬ ሸጦ ሲገዛ አይቻለሁ።

በጤና አምዳችሁ ስለዚህ መርፌ ጻፉልን። የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ ለምን ከወረዳ እንደሚጠፋ ጠይቁልን። ጽሑፉን ያዘጋጁት ጸሐፊም ወደ ጎንደር ብቅ ካሉ ደስ ይለኛል። ከመሪጌታ ጋር አገናኛቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አላቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከጎንደር